የሐረጎን ግሩፕ አልዘጋውም

ይማሜ፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ኑር ያድርግልህ። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቦርከና ሞልቶ እየደፈረሰ ይወርዳል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ትንሽ ጋብ ብሏል፣ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ እንደምታውቀው ነው። ሀያት ደህና ናት። አሁንም ደሴ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትወርዳለች። እኔም እዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነኝ። ማሽኑ ጆሮዬን ትንሽ አክብዶታል። ምላሴ ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ ቀሏል ይሉኛል።

እያለቀስኩ አይደለም የምጽፍልህ። የሚለቀሰውን አልቅሻለሁ። ተናድጄ፣ ተሟግቼ፣ እምቢ ስል ከርሜ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። ይህን ነገር ከአንተ በቀር እስከ መጨረሻው ሰምቶ የሚስቅልኝ ሰው የለም።

ነገሩ የቴሌግራም ግሩፕህ ነው፣ «የሐረጎ መንገደኞች»። እንዴት እንደተጀመረ እኔና አንተ እናውቃለን፤ አሁን ግን የሚያስታውሰው ሰው አንሷል። ያኔ በጦርነቱ ሰው ሁሉ ደሴን ለቆ ሲሸሽ አንተ በአባዱላ ሚኒባሳችን ሐረጎን ስትወጣና ስትወርድ ከረምክ። ማን ነህ፣ ከየት ነህ ሳትል ያገኘኸውን ሁሉ ጫንክ። የማን እናት የት እንደወረደች፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደሄደ ጭንቅላትህ ውስጥ ነበር። ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ስልክህ አላርፍ አለ። «ይማም፣ እናቴን ያሳፈርካት አንተ ነህ አሉኝ፣ የት አወረድካት?» ለሁሉም አንድ በአንድ ከምመልስ ብለህ ግሩፑን ከፈትክ። ስንቱ ዘመዱን አገኘበት። አንዲት እናት ደጋን ከተማ ሰው ቤት ተጠግታ ከርማ «ልጆቼ፣ አለሁ፣ ጫማዬ ብቻ ነው የጠፋው» ብላ ድምጿን የላከችውን እስካሁን እየከፈትኩ እሰማዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የመንገዱ ግሩፕ ሆነ። ጉም አለ ወይ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ ናፍጣ ገብቷል ወይ፣ ጃንጥላ ረስቼ ወርጃለሁ። አንተ መጻፍ አትወድም፤ ሁሉን በድምፅ ነበር የምትልከው፣ ከኋላህ የመኪናው ጥሩምባ እየተሰማ። ከላይ የሰቀልካት ሕግ አንዲት ናት፦ «ሃይማኖት፣ ብሔርና ፓርቲ እዚህ መኪና ላይ አይሳፈሩም።» ኩላሊትህ ከድቶህ አልጋ ከያዝክ በኋላ እንኳ ተሳፋሪዎችህ ሲጨቃጨቁ እንዳትሰማ ስልኩን ልደብቅ እያልኩ ነበር የማስታምምህ። ስትሄድ ስልኩ ከእኔ ጋር ቀረ። የግሩፑ ባለቤት አሁንም «ይማም» ይላል። መላሿ እኔ ነኝ።

እኔ ስለ ኢንተርኔት ያለኝን ሐሳብ ታውቃለህ። ፌስቡክ ማለት ለእኔ በሩን ዘግቶ በመስኮት የሚሳደብ ሰው ነው። ቲክቶክ ላይ ደግሞ በቀጥታ ሥርጭት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው ሲወራረፉ የፋብሪካችን ልጆች ምሳቸውን ትተው ያያሉ። አንዷን «ምን አሉ?» ብላት «እኔ እንጃ እትዬ፣ እየተሰዳደቡ ነው» አለችኝ፤ ዓይኗን ግን አላነሳችም። ቴሌግራሙን የወደድኩት ያንተ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ውስጡ ያሉትን በድምፃቸው አውቃቸዋለሁ፤ ገበያ ላይ አንዱ ሲናገር ሰምቼ «አንተ የጉሙ ሰውዬ» ብዬው ያውቃል።

ታዲያ አንተ ከሄድክ በኋላ የማላውቃቸው እየበዙ መጡ። ፎቶው ላይ አንበሳ የለጠፈ፣ ባንዲራ የለጠፈ፣ ጭራሽ ምንም የሌለው። ስለ ጉም አይጠይቁም። ሲጽፉ ሁልጊዜ «እነዚያ» ይላሉ። እነዚያ ማን እንደሆኑ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። እኔ መጀመሪያ እየሰረዝኩ ቆየሁ፤ ፈረቃ ገብቼ ስወጣ እንደገና ሞልቶ አገኘዋለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን «እውነት ብቻ» የሚል ስም ያለው ሰው የግርማን ፎቶ ለጠፈ።

የእኛው ግርማ። ስንት ዘመን ረዳትህ ሆኖ የሠራ፣ መሪ ያስያዝከው፣ ስትታመም ተሸክሞ መኪና ላይ ያወጣህ፣ ከሄድክም በኋላ አባዱላዋን እየነዳ እኛንም ራሱንም የሚያኖር ግርማ። ፎቶው ላይ የመኪናውን በር ተደግፎ ይስቃል፣ ታርጋው በደንብ ይታያል። ከሥሩ «ይህን ሰው ልብ በሉት። ለማን መረጃ እንደሚያቀብል የሚያውቅ ያውቃል። አባቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ» ይላል። አባቱማ ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ እዚህ ወልዶ፣ እዚህ ነው የተቀበረው። ከሥር አንዱ «ቤቱ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው የሰፈሩን ስም ጻፈ።

ፎቶውን አተኩሬ ሳየው የግርማ ትከሻ ላይ አንድ እጅ አለ። ክንዱ ተቆርጧል፤ ጣቶቹ ብቻ ቀርተዋል። አውራ ጣቱ ላይ በመኪና ክሪክ የተቀጠቀጠው ጥፍር አለ። ያንተ እጅ ነው፣ ይማሜ። የኢድ ለት እኔ ራሴ ያነሳኋችሁ፣ አንተም ግሩፑ ላይ «እነሆ ሹፌሮቻችሁ» ብለህ የለጠፍከው ፎቶ ነው። አንተን ቆርጠው ጥለው እሱን ብቻውን አስቀሩት። ወላሂ፣ ከጽሑፉ ይልቅ ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ወዲያው ሰረዝኩት፤ ሰውየውንም አስወጣሁት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ፎቶው ወደ ሌሎች ግሩፖች ሄዷል። በማግስቱ መናኸሪያ ሰዎች ታርጋዋን እያዩ ወደ ሌላ መኪና መዞር ጀመሩ። ተሳፍረው የነበሩም ስልካቸውን አይተው «ዕቃ ረሳሁ» እያሉ ወረዱ። ተራ አስከባሪው እንኳ፣ ያ ሁልጊዜ ሻይ ትጋብዘው የነበረው፣ ግርማን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ከዚያ አንድ ቀን ደሴ ሸዋ በር አካባቢ የጎን መስታወቱን በድንጋይ ሰበሩት። ውስጥ የነበረች ሴት ጉንጯን ቆረጣት። ልጅ ታቅፋ ነበር፤ ልጁን አላህ አተረፈው።

ግርማ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት መጣ። አልተቀመጠም። በር ላይ ቆሞ ቁልፉን ዘረጋልኝ። «እትዬ፣ እንቺ። ሌላ ሹፌር ፈልጊ። ለመኪናዋም ለእናንተም ጦስ መሆን አልፈልግም። ሚስቴንና ሕፃኑን ይዤ ትንሽ ዞር ልበል» አለኝ።

«ወዴት ነው ዞር የምትለው?» አልኩት።

እዚህ የተወለደ ሰው ወዴት ዞር ይላል? ቁልፉን አልተቀበልኩትም። እጁን ከነቁልፉ ገፋሁትና ግባ፣ ምሳ ብላ አልኩት።

በዚያው ሰሞን ወንድምህ አያ ሁሴን መጡ። ሰላምታቸውን በደንብ አደረሱ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁ፣ ለአንተ ዱዓ አደረጉ፣ ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። «ዘይነብ፣ ይህን ግሩፕ የሚሉትን ነገር ዝጊው። ይማም ሹፌር ነበር፣ ከሰው ጋር መግባቢያው ነበር። አንቺ ሴት ነሽ። ነገ አንደኛው ወገን ይዞ ቢጠይቅሽ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላኛው ቢጠይቅሽ ማን ሊደርስልሽ ነው? ልጅ አለሽ።»

እውነታቸውን ነው፣ ክፋት የላቸውም። ፈርተው ነው፤ መፍራታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። «አያ፣ የሚሉት ገብቶኛል» አልኳቸው። «ግን ግሩፑን እኔ ብዘጋው ውሸቱ በሰው ስልክ ውስጥ ክፍት ነው። የሚዘጋው መልሱ ብቻ ነው። ግርማን ማን ይመልስለታል?» እሳቸው ተነሡ። «ከእኔ አትሰሚም፣ ከአላህ ስሚ» ብለው ወጡ፤ ለረጅም ጊዜም አልመጡም።

አንድ የማላውቀው ሰውም በስልክ ለስላሳ ድምፅ አወጣልኝ። «እህቴ፣ እርስዎ ደክመዋል። ይህን ያህል ሕዝብ ያለበትን ግሩፕ ለእኛ ይስጡን፣ የሕዝባችን ድምፅ እናደርገዋለን» አለኝ። ስሙን ብጠይቀው «ስም ምን ያደርጋል» አለ። እንግዲያው ድምፅህ ምን ያደርግልናል ብዬ ዘጋሁበት።

ያበሳጨችኝ ሀያት ናት። እሷም ተይው አለችኝ። «እማ፣ እኔ በየቀኑ በዚያ መንገድ ነው የምመላለሰው። አንቺ ፋብሪካ ነሽ፣ እኔ ነኝ ፊታቸውን የማየው» አለች። ለሁለት ቀን ያህል ተኮራረፍን። ልጅህ ስትናደድ አንተን ነው የምትመስለው፣ ድስቱን እንኳ ስትከድነው ያስታውቃል።

ከዚያ ምን አደረግሁ መሰለህ። ፈረቃዬን ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ተቀያየርኩና ጠዋት ጥሩ ልብሴን ለብሼ መናኸሪያ ሄድኩ። ግርማን «ና፣ ሥራ አለብን» ብዬ ጠርቼዋለሁ። ጋቢና ወጥቼ ተቀመጥኩ። በስልክህ ያንን የኢድ ፎቶ ሙሉውን፣ አንተ ያለህበትን፣ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። ቀጥዬም ድምፅ ላክሁ። የተናገርኩትን ደግሜ ስለሰማሁት ቃል በቃል ልነግርህ እችላለሁ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ። ዘይነብ ነኝ፣ የይማም ባለቤት። ይህ ፎቶ ሙሉው ነው። የተቆረጠው ሰው ባሌ ነው፣ ግርማ ትከሻ ላይ ያለው እጅ የእሱ ነው። እኔ አሁን ኮምቦልቻ መናኸሪያ ጋቢና ውስጥ ነኝ፣ ግርማ መሪ ላይ ነው። ስለዚህ ልጅ ክፉ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና አጠገቤ ተቀምጦ በአፉ ይንገረኝ። እስከ ደሴ ረጅም መንገድ ነው፣ ሒሳብም አልቀበለውም።»

ማንም አልመጣም። ክፉ የሚያውቅም አልመጣ፣ ተሳፋሪም አልመጣ። ከእኛ ኋላ የነበሩት መኪናዎች እየሞሉ ወጡ። ግርማ መሪውን ጨብጦ ወደፊት ብቻ ያያል፤ አንገቱ ላይ ላብ አለ። እኔም ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩት።

መጀመሪያ የተሳፈረችው ከቢስቲማ የመጣች አሮጊት ናት። ዓይኗን ለመታከም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ልትሄድ ነው። ስልክ የላት፣ ግሩፕ የላት፣ ታርጋም አይታያት። «ልጆቼ፣ ይቺ ደሴ ትሄዳለች?» አለች። ግርማ «ትሄዳለች እማማ» አላት። ወርዶ ደግፎ አወጣት። ከእሷ ቀጥሎ ማን ከኋላ በር ቢገባ ጥሩ ነው? ሀያት። የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጣ የአሮጊቷን ፌስታል ተቀበለቻት። ልጃችንን አይተው ይሁን ወይ እኔን አፍረው፣ ሁለት ሦስት ሰዎች ተጨመሩ። ተራ አስከባሪውም መጥቶ በሩን ዘጋልንና «መንገዱ ይቅናችሁ» አለ፤ ዓይኔን ግን አላየም። ግማሹ ወንበር ባዶውን ወጣን።

ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ስልኩን አነሳሁና «ሐረጎ ላይ ወፍራም ጉም አለ፣ ከታች የምትወጡ መብራት አብሩ» ብዬ ላክሁ። ብዙም ሳይቆይ አንዱ በድምፅ «እትዬ፣ ወደ ላይስ ይቀንሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከስንት ሳምንት በኋላ ግሩፑ ላይ የተጠየቀ የመጀመሪያው ደህና ጥያቄ ነበር። «አብሽር፣ ይቀንሳል» አልኩት። ሳቅም ዕንባም አንድ ላይ መጣብኝ።

ሸዋ በር ስንደርስ ግን ጠበቁን። ወጣቶች ናቸው፣ አንደኛው ስልኩን ወደ ግርማ ፊት አድርጎ እየቀረጸ ነው። ግርማ ሊወርድ ሲል ክንዱን ያዝኩትና እኔ ወረድኩ። ልጁ ፊት ቆምኩ። «እኔንም ቅረጸኝ፣ ፊቴን በደንብ አድርገህ ያዘው» አልኩት።

«እናት፣ አንቺን አይደለም የምንፈልገው» አለኝ አንደኛው።

«መኪናዋ የእኔ ናት፣ ሹፌሩም የእኔ ነው። እሱን ከፈለጋችሁ እኔን ፈልጋችኋል። ማን ነው ስለ እሱ የነገራችሁ?»

«ግሩፕ ላይ ነው ያየነው። የሐረጎ ግሩፕ ላይ።»

«የሐረጎ ግሩፕ ባለቤት እኔ ነኝ። ጻፈ የምትሉትን ሰው እኔ አላውቀውም። እናንተ ታውቁታላችሁ?»

እርስ በርስ ተያዩ። ስልኩን የያዘው ልጅ ዝቅ አደረገው። የኢዱን ፎቶ ከፍቼ ሰጠሁት፤ አስፍቶ አየው፣ አንተን አየህ፣ እጅህን አየ። «ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ መሰለኝ» አለ ለጓደኛው። ይቅርታ አላሉም። አንደኛው ሲሄድ ጎማችንን በእግሩ መታ። ግን ሄዱ። አሮጊቷ ከውስጥ ሆና «ምን ሆኑ፣ ሊሳፈሩ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ሀያት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፣ ግርማም ሳቀ።

ያን ሳምንት በሙሉ ጋቢናውን አልለቀቅኩም። ከፈረቃ ስወጣ ልብሴ ላይ ጥጥ እንዳለ መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ አንድ ዙር አብሬው ወጥቼ እወርዳለሁ፣ ከመንገድ ድምፅ እልካለሁ። ወንበሩ ቀስ በቀስ ሞላ። አንድ ቀን አያ ሁሴን ከኋላ ገብተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንደማንም ሰው ሒሳባቸውን ከፍለው፣ ደሴ ወርደው፣ ለግርማ «በርታ» ብለው ሄዱ። ለእኔ ይህ በቂዬ ነው።

እንግዲህ አሁን የማትወደውን ልንገርህ። ሕግህን ቀይሬዋለሁ። ይቅርታም አልጠይቅህም።

ፖለቲካ አይሳፈርም ብለህ ነበር። አንተ በነበርክበት ጊዜ ልክ ነበር፤ ሁሉም አንተን ስለሚያፍር ዝም ይል ነበር። ግን ደግ ደጉ ሰው ሕጉን አክብሮ ዝም ሲል፣ የሚናገረው ፊት የሌለው ብቻ ሆነ። ኑሮው ተወደደ ማለት ፖለቲካ ነው። ናፍጣ ጠፋ ማለት ፖለቲካ ነው። ልጄ ከቤት ስትወጣ እፈራለሁ ማለትም ፖለቲካ ነው። ታዲያ ይህን ሳንነጋገር ስለ ምን ልንነጋገር ነው፣ ስለ ጉም ብቻ? ስለዚህ አሁን ከላይ የተሰቀለው እንዲህ ይላል፦ «የመሰለህን ተናገር። ስለ ሰው ክፉ የምትናገር ከሆነ ግን በድምፅህና በስምህ ተናገር።»

ሀያት ስሙን የሚናገር ሰው ነገ ችግር ሊገጥመው ይችላል አለችኝ። ልክ ናት። ለዚህ ነው ዝም ማለት የፈለገ ዝም እንዲል የተውኩት፤ ስለ ራሱ ኑሮ የሚያወራም በቅጽል ስሙ ያውራ። ጎረቤቱን ሊያስበላ የመጣ ግን ድምፁን እንስማ። ታምናለህ፣ ሰው በድምፁ ሲናገር ይለሰልሳል። እናቱ ልትሰማው እንደምትችል ያውቃል።

በዚህ ሕግ የተነሣ ብዙ ሰው ወጣ። ሌላ ግሩፕ ከፍተው የእኛን ስም የሚመስል ስም ሰጡት፣ እዚያ «የሹፌሩ መበለት» እያሉ ይሰድቡኛል አሉ። መጀመሪያ ሰዎች ፎቶ እያነሱ ይልኩልኝ ነበር፤ አሁን አትላኩልኝ ብያለሁ። ሰውየው፣ «እውነት ብቻ»፣ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም። ወደ ኋላ ሄጄ ስፈልግ፣ የኢዱ ለት ፎቶው ሥር በዚያው ስም «ኢድ ሙባረክ» መባሉን ብቻ አገኘሁ፤ ያ ያመኛል። ግርማም አልፎ አልፎ ታርጋውን የሚያይ ዓይን እንዳለ ይነግረኛል። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ ብዬ አልዋሽህም። ግን ይነዳል። እዚሁ ነው፤ ዞር አላለም። መስታወቱንም አስገጥመናል።

የሰፈር ሴቶች አንድ ምክር አላቸው። የሞተን ሰው ስም እንዲህ ደጋግሞ መጥራት ደግ አይደለም፣ ሩሑን ማስጨነቅ ነው፣ አንቺም ገና ነሽ፣ ተይውና ኑሮሽን ያዢ ይሉኛል። አንዷማ ባል ያየችልኝ ሁሉ አለች፤ ሱቅ አለው፣ ዝምተኛ ነው አለችኝ። ዝምተኛ ባል ለእኔ ምን ይሠራል፣ ይማሜ? አመስግኜ መለስኳት።

ስምህን አልተውም። መናኸሪያ ውስጥ «የማን መኪና ናት?» ሲሉ የይማም ናት እላለሁ፣ ነበረች አልልም። ዱዓ ላይ እጠራሃለሁ። ሀያት ስታገባ፣ ኢንሻአላህ፣ ከሙሽራው ሽማግሌዎች ፊት እጠራሃለሁ። ሊያስፈራሩኝ ሲደውሉ «ማን ነሽ?» ይሉኛል፤ የይማም ሚስት ብላችሁ ጻፉ እላቸዋለሁ፣ ፊደሉን እየነገርኳቸው፣ እንዳይሳሳቱ።

ባለቤትህ ዘይነብ
ኮምቦልቻ